ድንኳኑን የተከልነው ለጥላ ነበር

እኔ ጥሩምባ ነፊ ነበርኩ። የባንድ አይደለም፤ የእድር። ካዛንቺስ ውስጥ ሰው ሲሞት ማለዳ ተነስቼ፣ በየቅያሱ እየዞርኩ፣ ጥሩምባዬን ነፍቼ «እገሌ አርፈዋል፤ ቀብራቸው እዚህ ቦታ ነው፤ እድርተኛ ተገኝ!» እያልኩ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ቀን ቀን ደግሞ ኡራኤል አጠገብ የአንድ ሕንፃ ዘበኛ ነኝ፤ አሁንም ነኝ።

ሰው አይወደኝም ነበር። ምን ልደብቃችሁ። ጠዋት መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ደህና አደርክ» አይለኝም፤ «ዛሬ ደግሞ ማን ነው?» ነው የሚለኝ። ሰርግ ከጠሩኝም በሩ ጥግ ያስቀምጡኛል፤ ሙሽሮቹ እንዳያዩኝ። የሰፈሩ ልጆች ያወጡልኝ ስም «መርዶ» ነው። እናቶቻቸው ይሰሙና «ተው፣ ጋሼ ታደሰ በሉት» ይላሉ፤ ግን ሳቃቸውን እያፈኑ ነው። ለምጄዋለሁ ብል ውሸት ነው። ደከመኝ እንጂ አለመድኩትም።

ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ቂርቆስ የማታ ትምህርት ገብቼ። ከዚያ በፊት የእድሩ ጸሐፊ የሟቹን ስም ይነግረኛል፣ እኔ እንዳይጠፋብኝ ለራሴ እየደጋገምኩ እሮጣለሁ። ስለዚህ አጻጻፌ ከጎረበጣችሁ ቻሉት። የምጽፈው ስለ አንድ ቀን ነው፤ የእትዬ አስካለ ልጅ መሞቱን እኛ ሁላችን አውቀን፣ እሳቸው ብቻ ሳያውቁ፣ አውሬ ልናሳያቸው ይዘናቸው ስለሄድንበት ቀን።

ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ ሁላችንም ተበተንን። ግማሹ ገላን፣ ግማሹ አራብሳ፣ ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ። እኔ ቂርቆስ ቤተክርስቲያን ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ቀረሁ። መርዶ በቴሌግራም ሆነ። ጥሩምባዬ አልጋዬ ስር ገብቶ አቧራ ጠጣ። እድሩ ግን አልፈርስም አለ፤ ከየኮንዶሚኒየሙ እየተጠራራ በለቅሶ በለቅሶ ይገናኛል።

ሊቀመንበራችን ጋሽ ደምሴ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ አንድ ቀን በስብሰባ ላይ «ሰው ካልሞተ አንገናኝም ማለት ነው? አንዴ እንኳ ለደስታ እንውጣ» አሉ። ሰዉ ላንጋኖ ሲል እሳቸው «ሰንቀሌ» አሉ። በወጣትነታቸው ሻሸመኔ አካባቢ አስተምረው ስለነበር ያውቁታል፤ ሜዳ ነው፣ ሳርና ግራር፣ ቆርኬ የሚባል አውሬ የሚጠበቅበት። ከእኛ ውስጥ ስሙን የሰማ አልነበረም።

«አንበሳ አለ?» አለች አልማዝ። አልማዝ የእድሩ ሴቶች ተጠሪ ናት፤ አፏ አያርፍም።

«የለም።»

«ዝሆንስ?»

«የለም አልኩሽ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ ሄደን ምን ልናይ ነው ጋሽዬ? ፍየል?»

ሰዉ ሳቀ። መሄዱ ግን ጸደቀ። አውቶቡስም ተያዘ።

ጉዞው ሲቃረብ የብሩክ ወሬ መጣ። ብሩክ የእትዬ አስካለ አንድ ወንድ ልጅ ነው። እትዬ አስካለ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለካዛንቺስ ሆቴሎች አንሶላ ሲያጥቡ፣ ሲተኩሱ የኖሩ ሴት ናቸው፤ በዚያ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ብሩክ ጆሃንስበርግ ሄዶ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ታመመ፣ ሳይቆይ ሞተ። ጓደኞቹ እዚያው ቀበሩት። ወሬው የደረሰው ለእህቱ ለሰላማዊት ነው፤ እሷ ደግሞ ወደ ጋሽ ደምሴ መጣች። እኔም ነበርኩ።

«አክስቶቼ ከክፍለ ሀገር ሰኞ ነው የሚገቡት» አለች። «ሰኞ ማለዳ ሁላችሁም ትመጣላችሁ፣ ተሰብስበን እናቴን እናረዳታለን። እስከዚያ ግን እኔ ቤት ውስጥ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ማስመሰል አልችልም። ማለቴ... ሻይ ስትቀዳልኝ እንኳ ወደ ጓዳ እሸሻለሁ። በቃ፣ ይዛችሁልኝ ሂዱ።»

«እንወስዳታለን ልጄ» አሏት ጋሽ ደምሴ። እሷ እንደወጣች ወደ እኔ ዞሩ። «የምፈራው አንተን ነው።»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«አፍህን ነው የምፈራው፣ ታደሰ። ማልልኝ።»

«እንግዲያው እቀራለሁ።»

«አንተ ከቀረህ ትጠረጥራለች። ማልልኝ አልኩህ!»

ማልኩ። ግን እየመረረኝ ነው የማልኩት። ምክንያት አለኝ። የእኔ እናት ገጠር ስትሞት ዘመዶቼ «ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሥራውን ይለቃል» ብለው ደበቁኝ። ለመስቀል ነጠላ ገዝቼላት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ እህቴን ጥቁር ለብሳ አገኘኋት። ነጠላውን በፌስታል እንደያዝኩ እዚያው ቆምኩ። ያን ክረምት ሙሉ ስቄያለሁ፣ በልቻለሁ፣ «እናቴ እኮ» እያልኩ አውርቻለሁ። ሰው ሁሉ እያወቀ እኔ ብቻ ሞኝ ሆኜ። እስከዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።

እንግዲህ ቅዳሜ ማለዳ ኡራኤል ተሰብስበን ወጣን። ጋሽ ደምሴ ለፀሐይ መከለያ የእድሩን ድንኳን ከነአግዳሚዎቹ አውቶቡሱ ላይ አስጫኑ። ሁለት ድንኳን ነው ያለን፤ የሰርጉን ሰው ተውሶት ነበር፣ የቀረው የለቅሶው ነው፤ ፀሐይ ያገረጣው አሮጌው ሸራ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይሄ ድንኳን ከለቅሶ ሌላ አያውቅም» አልኳቸው።

«ሸራ ምን ያውቃል? ጫን!»

ጥሩምባውንም አስያዙኝ፤ ሰዉ ሜዳ ላይ ከተበተነ መሰብሰቢያ ይሆናል ብለው።

አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሁልጊዜው አጠገቤ የተቀመጠ አልነበረም። እትዬ አስካለ ገቡ። የሰዉን ነገር ማየት ነበር። አንዷ ቦርሳዋን ታስተካክላለች፣ አንዱ በመስኮት ውጭውን ያያል፣ አልማዝ እንኳ ስልኳ ውስጥ ተደበቀች። ዓይናቸው ምስጢሩን እንዳያወጣባቸው ፈርተው ነው። እትዬ አስካለ መተላለፊያውን ይዘው እስከ ኋላ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ዛሬስ እኔም እንደ አንተ ሆንኩ» አሉኝ።

«እንዴት?»

«የሚያየኝ ጠፋ።»

ምን ልበላቸው? «ማለዳ ስለሆነ ነው፤ እንቅልፋቸው አልለቀቃቸውም» አልኳቸው። የመጀመሪያው ውሸቴ ይሄ ነው።

ሞጆን አልፈን፣ ዝዋይን አልፈን፣ ሰዉ መዝፈን ጀመረ። ሲዘፍን ደግሞ እሳቸውን ያያልና ያቋርጣል። ከዚያ እንዳይታወቅበት እንደገና ይጀምራል። እንደዚያ ያለ አስቀያሚ ዘፈን ሰምቼ አላውቅም። እሳቸው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው «ብሩኬ ከደወለ ሰንብቷል» አሉኝ። «ሰላማዊት ስልኩን ሰርቀውት ነው ትላለች። ስልክ የተሰረቀ ሰው የሰው ስልክ ለምኖ እናቱ ጋ አይደውልም? አንተ ቁርጥ ተናጋሪ ነህ፤ ምን ትላለህ?»

«እኔ የውጭ አገር ስልክ አላውቅም እትዬ።»

ሁለተኛው።

ሻሸመኔን አልፈን ወደ አርባ ምንጭ መንገድ ትንሽ ገባንና ወደ ሜዳው ታጠፍን። በሩ ላይ ስካውቱ ተቀበለን፤ አውሬዎቹን የሚጠብቅ መሣሪያ የያዘ ወጣት ነው። ትከሻዬ ላይ ያለውን አየ።

«ይሄ ምንድነው አባባ?»

«ጥሩምባ።»

«እንዳትነፉት። እንስሳቱ ይበረግጋሉ።»

«ሰውም ይበረግጋል» አልኩት። አልገባውም፤ ግን ሳቀ።

በእግር ይዞን ገባ። ሜዳ ነው፤ ሳሩ ደርቆ ወርቅማ ሆኗል፤ እዚህም እዚያም ግራር። ከዚያ ቆርኬዎቹን አየን። ቡላ ቀይ ናቸው፤ ፊታቸው ረጅም ነው፣ ለቅሶ ደርሶ የሚመለስ ሰው ፊት። አንደኛው ኩይሳ ላይ ወጥቶ ለብቻው ቆሟል።

«እሱ ምን ሆኖ ነው?» አለች አልማዝ።

«ጠባቂ ነው» አለ ስካውቱ። «ሌሎቹ ይግጣሉ፣ እሱ ያያል። አደጋ ካየ ያስጠነቅቃቸዋል።»

«ታዴ፣ የአንተ ዘመድ ተገኘ!» አለች። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እውነተኛ ሳቅ፣ የቀኑ የመጀመሪያው። እትዬ አስካለም ሳቁ። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ ትከሻቸው እየተነቀነቀ። ያን ሳቅ ሳይ ለእናቴ የገዛሁትን ነጠላ በፌስታል ይዤ የሄድኩበት መንገድ ትዝ አለኝ። እኔም እንዲህ ነበር የሳቅኩት።

«ብሩኬ ሕፃን ሆኖ ስድስት ኪሎ አንበሳ ልይ ብሎ ሲያለቅስ ጊዜ የለኝም እለው ነበር» አሉኝ። «አንሶላ ተቆልሎብኝ። ሲመጣ እዚህ ይዤው እመጣለሁ። መንገዱን አንተ ታሳየኛለህ።»

ሦስተኛው ውሸት ከአፌ አልወጣ አለ።

ከጥብቅ ሥፍራው በር ውጭ፣ ከአንድ ግራር አጠገብ ለምሳ አረፍን። ፀሐዩ ያቃጥላል። ድንኳኑን እኔና ሁለት ሰዎች ተከልን። እጃችን እያወቀው ነው፤ ማንም አዛዥ አላስፈለገንም። አግዳሚዎቹን ከአውቶቡሱ አወረድን፣ ደረደርን። ወንዶች በዚህ፣ ሴቶች በዚያ፣ መሀሉ ባዶ። ማንም እንዲያ አድርጉ አላለም። እኛ እኮ ሌላ አደራደር አናውቅም! ሴቶቹ ፀሐይ ፈርተው ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበዋል። ምግቡ በትልልቁ የእድር ድስት ቀረበ። ደክሞን ስለነበር ማንም አያወራም። አንገታችንን ደፍተን እንበላለን።

የአካባቢው ሰዎች ሲመጡ ያየኋቸው እኔ ነኝ። ከድንኳኑ በር አጠገብ ስለሆንኩ፤ በሩ አጠገብ አይደል ቦታዬ። ከመንደሩ በኩል ነው የመጡት። ከፊት ጢማቸው የነጣ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ፤ ከኋላ ሴቶችና ወንዶች። ድምፅ የለም። ድንኳኑ በር ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው ጫማቸውን አራግፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡና ከወንዶቹ አግዳሚ ጫፍ ተቀመጡ። ሴቶቹም ከሴቶቻችን ጎን። አንዷ ወተት በቅል ይዛለች፤ መሀል አስቀመጠችው።

ሽማግሌው በረጋ አማርኛ «ፈጣሪ ያጽናችሁ» አሉ። «ከሩቅ አገር እንደመጣችሁ ሰማን። ድንኳኑን አየን። እዚህ ሜዳ ላይ ብቻችሁን ልታለቅሱ አይገባም ብለን ነው።»

ማንም ጉርሻውን አልዋጠም።

«ማን ነው የሞተባችሁ?» አሉ።

ጋሽ ደምሴ «የለም፣ የለም አባቴ! ለጥላ ነው! እኛ ለሽርሽር...» ብለው ጀመሩ። አልማዝም ትንሽ ሳቅ ቢጤ አመለጣት። ግን እናንተ፣ ሰው አፉን ያዛል እንጂ ዓይኑን አያዝም። «ማን ነው የሞተባችሁ» ሲባል የእድሩ ሰው በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ እትዬ አስካለን አየ። ሲያያቸው አየሁ። እሳቸውም አዩ። ቀኑን ሙሉ ያላያቸው ሰው ሁሉ በአንዴ አያቸው።

በጣታቸው የያዙትን እንጀራ ቀስ ብለው ወጭቱ ላይ መለሱት። እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ማንንም ሳያዩ ወደ በሩ፣ ወደ እኔ፣ ዞሩ።

«ታደሰ።»

«እትዬ።»

«የዛሬው ማን ነው?»

ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው የኖርኩት ጥያቄ ነው።

«ታደሰ፣ ዝም በል!» ጋሽ ደምሴ ተነሱ። «እትዬ አስካለ፣ ሰዎቹ ተሳስተው ነው፣ ድንኳኑን አይተው...»

«እርስዎን አልጠየቅሁም» አሉ እሳቸው። ድምፃቸው አልጨመረም። «ሰፈሩ ሁሉ ይዋሸኝ። አንተ ግን ለዚህ ነው የተቀመጥከው።»

ተነሳሁ። ዕድሜዬን የሰውን ሞት ከሩቅ ጮኼ ነው የተናገርኩት፤ ጥሩምባውን እነፋለሁ፣ ስሙን እጠራለሁ፣ ወደሚቀጥለው ቅያስ እሄዳለሁ። የሟቹ እናት ስትወድቅ እኔ የለሁም። ፊት አይቼ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ሄጄ እግራቸው ስር ቁጢጥ አልኩ።

«ብሩክ ነው እትዬ። ታሞ ነበር። አርፏል።»

«ቀበሩት?»

«ጓደኞቹ ቀብረውታል። እዚያው።»

አልጮሁም። የጮኸችው አልማዝ ናት። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ከራሳቸው አውልቀው ወገባቸው ላይ አሰሩት፤ ለሥራ ሲነሱ እንደሚያስሩት። ከዚያ ተንበርክከው ደረታቸውን መቱ። ወተት ያመጣችው ሴትዮ ከአጠገባቸው ወድቃ አቀፈቻቸው፤ በራሷ ቋንቋ ታለቅሳለች፣ ቃሉ አልገባኝም፤ ምን ያደርጋል ቃሉ። በስህተት የመጡት ሰዎች ከእኛ በፊት ዕንባ አወጡ። እኛ ስንደብቅ የከረምን ሰዎች አፍረን ቆመን ነበር፤ ቆይተን ነው የተከተልናቸው።

ለቅሶው ጋብ ሲል ቀና ብለው አዩኝ።

«ሰፈራችን ቢኖር ትጠራው ነበር። ጥራልኝ።»

ጥሩምባውን አነሳሁ። ስካውቱ ጩኸቱን ሰምቶ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ነበር። አየሁት። መሬት መሬት አየ፤ እሺም እንቢም አላለኝም። ጥሩምባውን መልሼ አስቀመጥኩት። ክልክል ስለሆነ አይደለም፤ ለመንፋት የሚሆን ትንፋሽ ስላልነበረኝ ነው። ከድንኳኑ ወጥቼ ፊቴን ወደ ሜዳው አዙሬ በድምፄ ብቻ ጠራሁት።

«የወይዘሮ አስካለ ልጅ፣ ብሩክ፣ አርፏል!» አልኩ። «ቀብሩ...»

እዚህ ላይ ቆምኩ። ሁልጊዜ ቀጥሎ የሚመጣው የቀብሩ ቦታ ነው። ቀብር የለም። ቤት የለም፤ «ለቅሶው እገሌ ቤት» እንዳልል ቤቱ ፈርሷል፣ መንገድ ሆኗል። ሜዳውን አየሁት። ከሩቅ፣ ኩይሳው ላይ የቆመው ቆርኬ ራሱን ወደ እኔ አዙሯል። አልሸሸም።

«ለቅሶው እዚህ ነው!» አልኩ። «እድርተኛ ተገኝ!»

እስኪመሽ እዚያው አለቀስን። ሰዎቹ እስክንነሳ አልተለዩንም።

አሁን ይሄን ስጽፍ ትክክል ነበርኩ ብዬ አይደለም። ሻሸመኔ አድረን በማግስቱ አዲስ አበባ ስንገባ ሰላማዊት ወሬው ደርሷት በር ላይ ጠበቀችን። እናቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ ወደ እኔ መጣች። «ከእናቴ ጋር የማለቅስበትን ቀን ነው የወሰድክብኝ» አለችኝ። «እኔ ነበርኩ መያዝ ያለብኝ፤ የማታውቃት ሴትዮ ያዘቻት።» ልጅቱ እስከዛሬ አታናግረኝም፤ እውነቷን ነው። ጋሽ ደምሴም መሐላዬን ሲያነሱብኝ ይኖራሉ። ይሁን።

እናንተ የምታነቡኝ ግን፣ ቤታችሁ የተደበቀ መርዶ ካለ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰውዬው ያውቃል። ስሙን አያውቅ ይሆናል እንጂ የሆነ ነገር እንዳለ ያውቃል፤ ዘፈናችሁ ሲቆራረጥ ይሰማል። ደግ የሆናችሁ ይመስላችኋል። ደግነት ነው፣ አልክድም፤ ግን እሱን ከሰው መሀል ለይቶ ብቻውን የሚያስቀምጥ ደግነት ነው። እኔ ከሁለቱም ወገን ስለተቀመጥኩ ነው የምናገረው። አድገው ለወጡት ልጆቼ ነግሬያለሁ፤ ክረምት ይለፍ ብላችሁ መርዶ አትደብቁኝ። የእናቴን ነገር የደበቁኝ ዘመዶቼንም ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ድሮው መጥላት አቃተኝ። ድንኳን ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የሚበላውን ሰው አይቻለሁና፤ ፈርቶ ነው። ይቅር አልኩ አላልኩም። ደከመኝ።

ጥሩምባውን ለጋሽ ደምሴ መለስኩ፤ ማንም አልተካኝም። አሁን ስልኬ ሲጮህ እኔ ራሴ ነኝ «ማን ሞተ?» ብዬ የማነሳው። እሑድ እሑድ እትዬ አስካለ ይደውላሉ፤ እኔም እንደ ልማዴ «ማን ነው ዛሬ?» እላለሁ።

«ማንም አልሞተም» ይሉኛል። «በልተሃል ወይ ልልህ ነው።»